ወንጌላዊው ከመንደሩ ሳይወጣ ይማር

ስለ ወንጌል ተልእኮ ወሬ በተነሳ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣው ቁጥር ነው። ስንት ሰው አመነ? ስንት ተጠመቀ? ስንት አጥቢያ ተተከለ? እኔም ቁጥሩን ስሰማ ደስ ይለኛል። ወዲያው ግን ሌላ ጥያቄ ይመጣብኛል። እነዚህን ሰዎች ማን እያስተማራቸው ነው? አስተማሪያቸውንስ ማን፣ የት፣ በምን ቋንቋ አስተማረው?

ለዓመታት በደቡብ ኢትዮጵያ ገጠር ለወንጌላውያንና ለአጥቢያ ሽማግሌዎች በሚሰጡ አጫጭር ኮርሶች ላይ ሳስተምር ቆይቻለሁ። ከዚያ ያገኘሁት አቋም አለኝ። የገጠር አገልጋይ መማር ያለበት እዚያው በሚያገለግልበት ቦታ፣ ከሚያገለግላቸው ሰዎች ሳይለይ ነው። ከተማ ገብተው ዲግሪ የሚይዙ ሰዎችም ያስፈልጉናል፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ሥራ ብቻውን ስንት የተማረ ሰው ይፈልጋል። አብዛኛው ሥልጠና ግን መንደር ውስጥ መሰጠት አለበት ባይ ነኝ።

ለዚህ ከወላይታ ታሪክ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

በዶክተር ቶማስ ላምቢ የሚመራው የሱዳን ኢንቴርየር ሚሽን (ኤስ.አይ.ኤም. የሚባለው የወንጌላውያን ሚሲዮን) ቡድን አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1927 መጨረሻ ላይ ነው። በቀጣዩ ዓመት ወደ ደቡብ ወርደው ሶዶና ሆሳዕና ላይ ጣቢያ ከፈቱ። መሬቱ ባዶ አልነበረም። ከእነሱ በፊት ኤሳ ላሌ የተባለ የጋሞ ሰው በየአካባቢው እየዞረ፣ ሕዝቡ ለመናፍስት መሠዋቱን ትቶ ወደ ፈጣሪ፣ ወደ ጦሳ፣ እንዲጸልይ ይሰብክ ነበር። በዚህም ታስሯል። የሚሲዮናውያኑ ሥራ ግን ቶሎ አልተነሳም። ወላይታ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ አማኞች የተጠመቁት እ.ኤ.አ. በ1933 መጨረሻ ነው፤ እነሱም አሥር ያህል ሰዎች ናቸው። ከዚያ ጣሊያን ገባ። እ.ኤ.አ. በ1937 የመጨረሻዎቹ ሚሲዮናውያን ሶዶን ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት የወላይታ አማኞች 48 ነበሩ። በእጃቸው ያለው በራሳቸው ቋንቋ የተተረጎመ ጥቂት የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ነው።

ቀጥሎ የሆነውን በወንጌላውያን ቤት ያደገ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። መሪዎቹ ታሰሩ። ዋንዳሮን ጨምሮ ብዙዎቹ በአደባባይ ተገረፉ። ጸሎት ቤቶች ፈረሱ። ሚሲዮናውያኑ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ ሲመለሱ ግን ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞችና 100 ያህል ጸሎት ቤቶች ጠበቋቸው።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንተርከው እንደ ተአምር ብቻ ነው። እኔም የእግዚአብሔር እጅ እንደነበረበት አምናለሁ። ተአምር ነው ብለን ስናልፈው ግን የምንማርበትን ነገር እንዘልለዋለን። ሚሲዮናውያኑ ከመውጣታቸው በፊት የሠሩት አንድ ትልቅ ሥራ አለ። አማኞቹ ሽማግሌዎቻቸውን ከመካከላቸው እንዲመርጡ አደረጉ። ጸሎት ቤቱን የሠሩት አማኞቹ ናቸው፤ በራሳቸው እንጨት፣ በራሳቸው ሣር። ወንጌላዊ ከሚሽኑ ደመወዝ አይቆረጥለትም ነበር። ማንበብ የቻለው ያልቻለውን ያስተምራል። እናም የውጭዎቹ ሲሄዱ የቆመ ደመወዝ የለም። ባዶ የቀረ ወንበርም የለም። ሽማግሌው ያው የትናንቱ ሽማግሌ ነው። እዚያው ያርሳል፣ እዚያው ይጸልያል፣ ጎረቤቱ ሲታመም እዚያው ይጠይቃል።

በወለጋ፣ ደምቢ ዶሎም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። ቄስ ጊዳዳ ሶለን በልጅነታቸው በፈንጣጣ ዓይናቸውን ያጡ ሰው ናቸው። የቀድሞው ፕሬዚዳንት የዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ አባት ናቸው ብል ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። በአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሽን ዘንድ እየሰሙ ተማሩ፤ የሰሙትን በቃል ያዙ። የጣሊያን ወረራ ሚሲዮናውያኑን ሲያስወጣ ያንን ቤተ ክርስቲያን ተሸክመው ካሻገሩት መሪዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ። ዓይነ ስውር ሆነው፣ ሴሚናሪ ሳይገቡ። የሚያገለግሉትን ሕዝብ ግን ቤት ለቤት ያውቁታል።

ከነጻነት በኋላ የወላይታ ወንጌላውያን ጋሞ፣ ጎፋ፣ ሲዳማ፣ አሪ፣ ኩሎ (የዛሬው ዳውሮ) እና ኮንታ ድረስ ሄዱ። ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው የሄዱ ነበሩ። በሄዱበትም ቢሆን ሥልጠናው ያው ነው፤ እዚያ ያመኑትን ይዘው ማስተማር፣ ከእነሱ መካከል ሽማግሌ ማስነሳት፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ማለፍ። ጳውሎስና በርናባስም በልስጥራ፣ በኢቆንዮንና በአንጾኪያ እንዲህ ነው ያደረጉት። በየቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ሾመው፣ ጸልየው፣ ለጌታ አደራ ሰጥተው ሄዱ። ማንንም ወደ ኢየሩሳሌም ለኮርስ አልላኩም።

ወንጌላዊን ከመንደሩ አውጥቶ ማስተማር ምን ያስከፍላል የሚለውን ከተማ ያለን ሰዎች ብዙም አናስበውም። እስቲ አንድ የጎፋ ደጋ ወንጌላዊ አስቡ። ሚስት፣ አምስት ልጆች፣ ትንሽ መሬት፣ ምናልባት አንድ በሬ። ሦስት ዓመት አዲስ አበባ ወይም ሀዋሳ ተማር ሲባል ማን ያርስለታል? ጎረቤት በደቦ አንድ ክረምት ይረዳው ይሆናል። ሁለተኛው ክረምት ላይ ሸክሙ ሁሉ ሚስቱ ላይ ይወድቃል። ትልቁ ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል። ምዕመናኑ በበኩላቸው ሰው አልባ ይሆናሉ። እሱ በተማረባቸው ሦስት ዓመታት ውስጥ ስንት ሰው ይሞታል፣ ስንት ሰው ያገባል፣ ስንት ሰው ይጣላል።

ተመርቆ ሲወጣስ? ዲፕሎማ የያዘን ሰው የገጠር አጥቢያ መባ አይችለውም። እሱም ከተማ ለምዷል፤ ልጆቹን ደህና ትምህርት ቤት ማስገባት ይፈልጋል። ይህ ኃጢአት አይደለም። አንዱ ኤንጂኦ ውስጥ ይቀጠራል፣ ሌላው ከተማ ያለ አጥቢያ ውስጥ ረዳት መጋቢ ይሆናል። እኔ የማውቃቸው ብዙ ጎበዝ ልጆች በዚህ መንገድ ከመንደራቸው እንደወጡ ቀርተዋል። እነሱን አልወቅስም። የምወቅሰው ሌላ በር ያልከፈተላቸውን አሠራር ነው።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ጓቲማላ ውስጥ የነበረ የፕሬስቢቴሪያን ሴሚናሪ ከዚሁ ጋር ታግሏል። ዋና ከተማው ውስጥ የተማሩት ወደ ገጠር አይመለሱም፤ ገጠሩን በእርግጥ የሚመሩት ደግሞ እርሻና ቤተሰብ ያላቸው አባወራዎች ስለሆኑ ሴሚናሪ መግባት አይችሉም። ትምህርት ቤቱ መጀመሪያ ወደ ገጠር፣ ወደ ሳን ፌሊፔ ተዛወረ። ያም አልበቃ ሲል እ.ኤ.አ. በ1963 ገደማ መምህራኑ ራሳቸው ወደ ተማሪዎቹ መሄድ ጀመሩ። ተማሪው መልመጃ ያለው መጽሐፍ ቤቱ ሆኖ ይሠራል፤ በሳምንት አንድ ቀን ቅርቡ ባለ ማዕከል ከመምህሩና ከባልንጀሮቹ ጋር ይገናኛል። ዛሬ በብዙ አገር፣ በእኛም አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ፣ ቲ.ኢ.ኢ. (ተማሪው ካለበት ሳይለቅ የሚማረው የነገረ መለኮት ትምህርት) እየተባለ የሚጠራው ትምህርት መነሻው ይኼ ነው።

ኮሪያ ደግሞ ከዚያ ይቀድማል። ቻይና ያገለግል የነበረው ጆን ኔቪየስ እ.ኤ.አ. በ1890 ሶል ሄዶ ለወጣት ሚሲዮናውያን ሁለት ሳምንት ያህል ልምዱን አካፈላቸው። እያንዳንዱ አማኝ ባለበት ይቆይ፣ በሙያው እየኖረ ይመስክር፣ ቤተ ክርስቲያን የምትችለውን ያህል አገልጋይ ብቻ ትያዝ ነው የሚለው። ኮሪያውያኑ ይህን ይዘው አዝመራ ከገባ በኋላ በብርዱ ወራት የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ሳምንታት ያዘጋጁ ነበር። ሰዎች የሚበሉትን ሩዝ ተሸክመው ሩቅ መንገድ በእግራቸው እየመጡ ይማሩ ነበር። ወጪያቸውን የሚችሉት ራሳቸው ናቸው።

ሩዙን በበቆሎና በቦዬ ቀይሩት፤ እኔ የማውቀውን የጎፋ ሥልጠና ታገኙታላችሁ።

ከሳውላ ወጣ ብሎ ደጋ ላይ ባለ አንድ ጸሎት ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ወሩ ጥር ስለሆነ እህል ገብቷል፤ ሰዉ ትንሽ ፋታ አለው። ተማሪዎቹ ከየቀበሌው በእግር ይመጣሉ። አንዱ በቆሎ፣ አንዱ ቦዬ፣ አንዱ ቆጮ ይዞ ነው የሚደርሰው። እናቶች በተራ ያበስላሉ። በተራ ነው የምለው፣ ከሚያበስሉት ውስጥ ተማሪዎችም ስላሉ ነው። ልጇን ያዘለች እናት ከኋላ ቆማ እየተወዛወዘች ማስታወሻ ትይዛለች። ልጁ ካለቀሰ ወጣ ትላለች፤ በመስኮት በኩል ሆና ግን ትሰማለች። ይቺ ሴት ለሦስት ዓመት ሀዋሳ ልትሄድ አትችልም። አጥቢያዋ ውስጥ ደግሞ ልጆችን የምታስተምረው፣ የጸሎት ቡድኑን የምትመራው፣ የታመመ የምትጠይቀው እሷ ናት።

አንድ ማንበብ የማይችሉ ሽማግሌ አሉ። ስምንተኛ ክፍል የደረሰች ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ ክፍሉን በጆሯቸው ታነብላቸዋለች። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። በበነጋታው ትናንት የተነበበውን ማን ይንገረን ሲባል ከማንም በላይ አሟልተው የሚመልሱት እሳቸው ናቸው። ልጅቷም ሳታስበው ተማሪ ሆናለች።

እኔ በአማርኛ አስተምራለሁ፤ አንድ ወንጌላዊ ወደ ጎፋኛ ይመልሳል። ቀስ እያልኩ የተገነዘብኩት፣ ዋናው ትምህርት ያለው እኔ ዝም ካልኩ በኋላ ነው። ጥያቄ ሲነሳ አማርኛው ይቀራል። ክርክሩ በቋንቋቸው ይጦፋል። ተርጓሚው ለእኔ መተርጎሙን ይረሳና ራሱ ይከራከራል። ያኔ ነው ነገሩ የእነሱ የሚሆነው።

አንድ ከሰዓት የተነሳ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። አንድ ወጣት አገልጋይ እጁን አወጣ። «ሁለት ሚስት ያለው ሰው አምኗል። ከሁለቱም ወልዷል። መጠመቅ ይፈልጋል። ምን እንበለው?» እኔ የጢሞቴዎስን መልእክት ጠቀስኩ፤ ሽማግሌ የአንዲት ሚስት ባል ይሁን ስለሚለው። ወጣቱ «እሱስ ስለ ሽማግሌ ነው፤ እኔ የምጠይቀው ስለ ጥምቀት ነው» አለኝ። ልክ ነበር። ያኔ እኚያ የማያነቡት አባት ተነሡ። «ሰውዬውን አውቀዋለሁ» አሉ። «ሁለቱንም ሴቶች አውቃቸዋለሁ። ሁለተኛዋን ስደዳት ብትሉት የምትሄድበት ቤት የላትም። ወንድሟ ሞቷል። ልጆቿ ይራባሉ። ይህን ያደረገ ሰው ነው የምናጠምቀው?» ሌሎች ተቃወሙ። ዝም ካልን ወጣቶቹ ነገ ሁለት ያገባሉ አሉ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ተከራከሩ። በመጨረሻ የተስማሙበት ሰውዬው ይጠመቅ፣ ሁለቱንም ቤት ያስተዳድር፣ በአመራር ግን አይመረጥ፤ ወጣቶቹ ደግሞ ከጋብቻ በፊት ይማሩ የሚል ነው።

ከዚህ የተለየ አቋም ያላቸው ቤተ እምነቶች እንዳሉ አውቃለሁ። አሁን ስለ ውሳኔው አይደለም የማወራው። ያ ጉባኤ የትኛዋ ሴት መሄጃ እንደሌላት ያውቅ ነበር። እኔ አላውቅም ነበር። ከውጭ ተተርጉሞ የመጣው መማሪያም አያውቅም። ቃሉን ይዞ፣ ሰዎቹን በስም እያወቀ፣ ውጤቱን አብሮ እየኖረበት የሚወስን መሪ በሌላ መንገድ አይገኝም።

ደግሞም ችግር ቀጠሮ አይሰጥም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. እዚያው ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ ውስጥ መሬት ተንሸራቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሞቱት ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ። ሰዉ በዶማና በእጁ ነበር አፈሩን የሚምሰው። እንዲህ ባለ ቀን ከከተማ ሰባኪ እስኪመጣ አይጠበቅም። ለእናትየዋ የሚናገር፣ የሚቀብር፣ የተረፉትን ልጆች ማን ይውሰድ ብሎ የሚያስማማ ሰው እዚያው መኖር አለበት። ያን ሰው አስቀድመን ነው ማዘጋጀት ያለብን።

በደርግ ጊዜ የነበሩ አባቶችና እናቶች ይህን ከእኛ በተሻለ ይረዱታል። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተወስደው ተገደሉ። ጸሎት ቤቶች ታሸጉ፣ የሙሉ ወንጌልም የቃለ ሕይወትም። ያኔ ቤተ ክርስቲያን ወደ መኖሪያ ቤት ገባች። ጥቂት ጥቂት ሆነው ይሰበሰባሉ። እያንዳንዱ ቡድን መሪ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ብዙ መሪ ማፍራት ግድ ሆነ። ልብስ ሰፊው፣ ነርሷ፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊዋ፣ ሁሉም ማስተማር ተማሩ። ማንም ከኑሮው አልወጣም። አገልግሎት ማለት መድረክና ማይክ የሚመስለን ትውልድ ይህን ቢያጠና ይጠቅመዋል።

አሁን ደግሞ አዲስ ፈተና አለ። ስልክ ገጠር ገብቷል። ጎፋ ደጋ ላይ ያለ ወጣት ማታ ማታ የከተማ «ነቢያትን» በዩቲዩብና በቲክቶክ ያያል። ዘር ዝራ፣ ብር ላክ፣ በሽታህ ይለቅሃል ይሉታል። በሬውን ሸጦ የላከ ሰው አውቃለሁ። ይህን የሚመክት ማን ነው? በዓመት አንዴ የሚመጣ እንግዳ ሰባኪ አይደለም። እሑድ እሑድ ፊት ለፊቱ ያለው፣ በሬውን ሲሸጥ ያየ፣ ማታ ቤቱ ሄዶ አብሮት የሚቀመጥ ሽማግሌ ነው። እሱ ግን ቃሉን በደንብ ካልተማረ ምን ብሎ ይመክረዋል? ሰውን በመንደሩ አስተምሩ የምለው ትምህርቱን ለማሳነስ አይደለም። እንዲያውም ከበድ ያለ፣ ረጅም፣ በየዓመቱ የሚቀጥል ትምህርት ነው የሚያስፈልገው። ሦስት ቀን ሰብስቦ ሰርተፍኬት ማደል ሥልጠና አይባልም።

ስለ አበል ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሆቴል አዳራሽ፣ ባነር፣ ፎልደር፣ የሻይ ሰዓት፣ መጨረሻ ላይ ፈርሞ የሚወሰድ ብር። ይህ ልማድ ከልማት ድርጅቶች ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብቷል። ዛሬ ስልጠና አለ ሲባል «አበል አለው?» ብሎ የሚጠይቅ አገልጋይ አለ። አልፈርድበትም፤ የመጣበትን ትራንስፖርት ከኪሱ መክፈል ለድሃ ከባድ ነው። ነገር ግን አበሉ የቆመ ዕለት ሥልጠናውም ይቆማል። ያችን በቆሎ ተሸክሞ የመጣው ሰው ግን ሥልጠናው የራሱ ነው። ስለዚህ ደፍሮ ይከራከራል፣ ያልገባውን ደግመህ አስረዳኝ ይላል፣ የማይጠቅም ርዕስ ከሆነም ይነግርሃል።

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ወገኖች ይህን ሥራ መደገፍ እንደምትፈልጉ አውቃለሁ። ዋሽንግተን፣ ሚኒሶታ፣ ስቶክሆልም ካሉ አጥቢያዎች ጥያቄ ይደርሰኛል። ያለኝን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ የምትመጡበትን ጊዜ አስቡ። የእናንተ የእረፍት ወራት ሐምሌና ነሐሴ ለእኛ ደጋ ዝናብና ጭቃ ነው። መኪና አይገባም፤ ገበሬውም እርሻው ላይ ነው። ፈቃዳችሁን አሸጋሽጋችሁ ጥር ላይ ኑ፤ ስትመጡም ሰንበት በሉ። ሁለተኛ፣ አንድን ሰው ወደ ውጭ አገር ለማስተማር የምታወጡት ገንዘብ ቋንቋውን የሚናገሩ አካባቢያዊ መምህራንን ለስንት ዓመት በየመንደሩ ያዞራል። ሞተር ሳይክል፣ ነዳጅ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋ የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የድምፅ መጽሐፍ ቅዱስ ለማያነቡት። እዚህ ላይ አውጡት። የምግቡን ወጪ ለአጥቢያዎቹ ተዉላቸው። ይችሉታል።

ሦስተኛ፣ ርዕሱን እነሱ ይምረጡ። ለመጪው ጥር ሽማግሌዎቹ አራት ነገር ጠይቀውኛል። በአማኞች መካከል የመሬት ድንበር ጠብ ሲነሳ ፍርድ ቤት ሳይደርስ እንዴት ይታረቅ? የሙት ዓመት ድግስ ላይ አማኝ ምን ያህል ይካፈል? ስልክ ላይ የሚሰማ ትንቢት እንዴት ይመዘን? አራተኛው የመባ ሒሳብ አያያዝ ነው፤ ለእሱ ሳውላ ከተማ ባንክ የምትሠራ አንዲት እህት ፈቃድ ወስዳ መጥታ ልታስተምራቸው ተስማምታለች።